ስምንተኛው አባወራ

ልብስ ሰፊዋ ኢንተርኔት የቸገራት ደንበኞቿ በአካል መምጣት ትተው ቪዲዮ መላክ ከጀመሩ ወዲህ ነው። አንዷ ሙሽራ የቀሚሷ እጅጌ ምን እንዲመስል እንደምትፈልግ ለማሳየት አሥራ አንድ ቪዲዮ ላከችላት፤ ሰባተኛው ላይ የወሩ የስልክ ጥቅል አለቀ። የሞባይል ዳታ እጇ ላይ እንደ ጨው ይሟሟ ነበር። ቀሚስ ሰፍታ የምታገኘው ገንዘብ ግማሹ ቀሚሱን ለማየት ይወጣል።

የቤት መስመር አስገቢ የማይላት አልነበረም። የኢንተርኔት ድርጅቱ ቢሮ ሄዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የተቀመጠችውን ሴት አነጋገረች። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ገመዱ በሕንጻችሁ ደጃፍ ያልፋል፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ቢያንስ ስምንት አባወራ ሲመዘገብ ነው አለቻት። በሕንጻው ያለው ሰባት ብቻ ነው። ስምንተኛው ከየት ይምጣ ብትላት፣ ሴትየዋ አሰብ አደረገችና አንድ ቤት ለሁለት የሚከፈል ከሆነ እንደ ሁለት ይቆጠራል ብላ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ነገሩን ለጎረቤት ያወራችው ለቀልድ ነበር። ከላይ ፎቅ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው ወጣቱ የሂሳብ መምህር ግን አልሳቀም። ተማሪዎቹን በኢንተርኔት የሚያስጠናው ኔትወርክ ፍለጋ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባቱንም ቤት ዞሮ ክፍል ቆጠረ። የራሱ በር ወደ ኮሪደር ያለው ትርፍ ክፍል የልብስ ሰፊዋ ዕቃ ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ሊገባ የሚችል ትርፍ ሰው ሲፈለግም የተገኘው እዚያው እሷ ቤት ነው፤ ባሏ።

ባሏ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ነገር አያበዛም። ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱ ተኮልኩሎ በልመና ዓይን ሲያየው፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ለአንድ ሳምንት አሉት። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ወንበርና የሚጠጋግናቸውን አሮጌ ሰዓቶች ይዞ ገባ። በሩ ላይ በቀለም ስምንት ቁጥር ተጻፈ።

የድርጅቱ ተቆጣጣሪ በሦስተኛው ቀን መጣ። በሩን ከፍቶ ዘጋ፤ ምድጃው መሥራት አለመሥራቱን አየ፤ አልጋው ላይ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ሞከረው። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን ወደ ጎን ጠራና ጎረቤቷን ታውቃቸው እንደሆነ ጠየቃት።

“በሩቁ” አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯት የኖረው ባሏ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ይሰማታል። “ሰላምተኛ ሰው ናቸው። ማንኮራፋታቸው ነው እንጂ።”

“ማንኮራፋታቸውን በምን አወቁ?”

“ግድግዳው ስስ ነው።”

ተቆጣጣሪው ግድግዳውን መታ መታ አደረገና፣ ስስ መሆኑን መዝግቦ ወጣ።

በሳምንቱ መስመሩ ገባ። መምህሩ ከደረጃው ተነስቶ እንደ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ልብስ ሰፊዋም እጅጌ ማየት እስኪሰለቻት አየች። ሰዓት ሠሪው አልጋውን ሊያነሳ ሲል ግን መምህሩ ውሉን ይዞ ከተፍ አለ። ከስምንቱ አንዱ ከጎደለ መስመሩ ከሁሉም ቤት ይቋረጣል፤ ተቆጣጣሪውም ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል ይላል ውሉ። ባልና ሚስት እንግዲህ ሁለት መስመር፣ ሁለት ወርሃዊ ክፍያ መጣባቸው። ሁለቱ ሲደመሩ ያን የተሸሸውን የሞባይል ዳታ ይበልጡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሕንጻው በሙሉ ዘበኛ ሆነ። ሰዓት ሠሪው ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሚስቱ በር ጠጋ ሲል፣ ከታች የምትኖረው ነርስ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሸሚዝ ሊቀይር ከገባ መምህሩ ደጅ ቆሞ ደቂቃ ይቆጥራል። አንድ ቀን የሚስቱ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገው፣ ሦስት ጎረቤት ገብቶ በትህትና ቀሰቀሰው።

“ጋሼ፣ ቤትዎ ይግቡ እንጂ” አለው መምህሩ። “ሰው ያያል።”

ልብስ ሰፊዋን መጀመሪያ አስቋት ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ሳቁ ጠፋ። ሻይ ቀድታ ስኒውን በነጠላዋ ሸፍና፣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኝታ ትወጣለች፤ ወደ ገዛ ባሏ እንደ ሌባ። ሰው ፊት አንቱ ስትለው ከርማ፣ አንድ ቀን ብቻቸውን ሳሉ ስኳር ልጨምርልዎ ወይ ብላ ጠየቀችው። ባሏ ቀና ብሎ አያት። ሻዩ ሳይጠጣ በረደ።

በነጋታው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ የመምህሩን በር አንኳኳች። ባሏ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ እንደሚገባ፣ ስምንተኛ አባወራ የሚፈለግ ከሆነ ከመምህሩና ከሚስቱ አንዳቸው ዕቃ ቤቱ እንዲገቡ ቁርጡን ነገረችው። ከመምህሩ ጀርባ ሚስቱ ብቅ አለች። ከማለዳ እስከ ምሽት ተማሪ በስክሪን ሲጮህባት የምትውል ሴት ናት።

“ዕቃ ቤቱ መስኮት አለው?” አለች።

“ትንሽ።”

“ይበቃኛል። መቼ ነው የምገባው?”

በዚያው ቀን ገባች፤ የነዋሪ ለውጡም ለድርጅቱ ተነገረ። መምህሩ ፍራሿን ተሸክሞ ሲያወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ተቆጣጣሪው የነዋሪ ለውጡን ሊያጣራ የመጣው ባልና ሚስቱ ምሳ ሲበሉ ነው። ሰዓት ሠሪው በካልሲው፣ ሸሚዙን ፈታ አድርጎ ገበታው ላይ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ልብስ ሰፊዋ የሚዋሽ ነገር ብታስብ አልመጣላትም።

“ባሌ ነው” አለች።

የተቆጣጣሪው ፊት በራ። እንኳን ደስ ያላችሁ አለ፤ ሁለቱንም ጨበጠ፤ ያን ቀን ሲያያቸው ጠርጥሮ እንደነበርም ተናገረ። ከዚያ ከቦርሳው ሁለት ደንበኞች ሲጋቡ የሚሞላውን የመስመር ማዋሃጃ ቅጽ አወጣ። ሁለቱ ክፍያ አንድ ይሆናል ማለት ነው። ስም፣ የቤት ቁጥርና የስልክ ቁጥር ከሞላ በኋላ፣ የጋብቻ ቀን የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንስቶ ጠበቃቸው።

ሚስትየዋ ባሏን አየችው። ሰዓት ሠሪው እጁን በፎጣ ጠረገ፣ ብዕሩን ተቀበለና ክፍት ቦታው ላይ የዚያኑ ዕለት ቀን ጻፈ።