የመሃሉ ወንበር

ከዛግሬብ ወደ ዙሪክ የሚበረው የማለዳ አውሮፕላን ገና ሰው እየጫነ ነው። ብራንካ ቩሊች ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የብርቱካን ጭማቂዋን ይዛ ተደላድላለች። ቢዝነስ ክላስ ቀድሞ ስለሚገባ የኋላው ተሳፋሪ በሙሉ በፊትህ ያልፋል፤ አንዱ ጫማህን፣ ሌላው ብርጭቆህን ገርምሞ። ብራንካ መታየቱን አልጠላችውም። እናቷ ቫራዥዲን ከተማ ባለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ይዛ የወጣችው የጎበጠ ጀርባዋን ብቻ ነው። ልጅቱ ግን የስፌት ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ፣ እየፈታች እየሰፋች በራሷ ተምራ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ አሥራ አራት ሴቶች የሚሠሩበት ወርክሾፕ አቁማለች። ታዲያ ምን ያሳፍራታል?

«ራስ ሳይጠና ጉተና» አለ በመተላለፊያው በኩል የተቀመጠው ሽቴፍ። ሽቴፍ የወርክሾፗ ቆዳ ቆራጭ ነው፤ በፋብሪካው ዘመን የእናቷ አለቃ ነበር። ዛሬ ደመወዝ የምትከፍለው እሷ ብትሆንም «ጋሽ ሽቴፍ» ማለቱን አልተወችም፤ እሱም መቆጣቱን አልተወም። «ለመሆኑ ይሄ ከኋላው ወንበር በምን ይለያል? ያው ስፖንጅ፣ ያው ቆዳ። ጉልበቴም እንደ ልማዱ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ይሳሳማል።»

«መሃላችን ሰው የለማ።»

«አሃ! ለሌለ ሰው ነዋ የከፈልሽው!»

«የሌለ ሰው ክርኑን ጎንህ ውስጥ አይሰነቅርም ጋሽ ሽቴፍ። በል ጭማቂህን ጠጣ።»

ይቀልዱ እንጂ ሆዳቸው አልቀለደም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሪጊ አየር መንገድ፣ ማለትም የዚሁ አውሮፕላን ባለቤት፣ የወንበሮቹን ልብስ ማን እንደሚሰፋለት ዙሪክ ላይ ይወስናል። ሥራው ከተገኘ ለሦስት ዓመት እንጀራ ነው። ካልተገኘ፣ ወርክሾፑ ይዞት ያለው የሆቴል መጋረጃ በዚህ ወር ስለሚያልቅ፣ ከአሥራ አራቱ ሴቶች ስድስቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ብራንካ የስድስቱን ስም በልቧ ታውቀዋለች፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

ብርጭቆዋን ቀና ስታደርግ ከመተላለፊያው አንዲት ቀጭን ሴት ብቅ አለች። የጀርባ ቦርሳ አዝላለች፤ በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ወይዘሮ አምሽቱትስ! የሪጊ ግዢ ኃላፊ፤ የዛሬውን ውሳኔ የምትፈርመው እሷው ናት። በጸደይ ወርክሾፑን ልታይ መጥታ ግማሽ ሰዓት ቆይታ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ነበር የሄደችው። ከዛግሬብ መሳፈሯ ደግሞ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ትናንት ሌላ ሰፊ ዘንድ ውላለች ማለት ነው።

«ደህና አደሩ ወይዘሮ ቩሊች» አለች። ዓይኗ ከብርጭቆው ወደ ባዶው የመሃል ወንበር፣ ከወንበሩ ደግሞ ሽቴፍ አንገቱን ወደሚያብስበት ትኩስ ፎጣ ተሻገረ። «ፊት ተቀምጠዋል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አዎ፣ ፊት ነኝ።»

ሴትዮዋ ሌላ ቃል ሳትጨምር አምስተኛው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አስተናጋጇ መጋረጃውን እየገፋች መጥታ ከአራተኛው ረድፍ ኋላ ሻጥ አደረገችው። የቢዝነስ ክላሱና የኋላው ድንበር ለዛሬ እዚያ ላይ ሆነ።

«አለቀልን ልጄ» አለ ሽቴፍ፣ ፎጣውን እንደ ትኩስ ድንች እየጣለ። «እኔ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ቪንተርቱር ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ያሠራኝ የነበረው ሰውዬ ሦስት ቤት እያለው ካልሲውን እየጣፈ ነበር የሚያደርገው። ባለጠጋው ትራም ይጠብቃል፤ የአየር መንገዱ ሰዎች በገዛ አውሮፕላናቸው ከኋላ ይቀመጣሉ። አሁን ያቺ ሴትዮ ምን እያለች ይመስልሻል? ‹ዋጋው ላይ ጨምራብኝ፣ በእኔው ገንዘብ ትንፈላሰሳለች!›»

ብራንካ ፊቷ ጋለ። ልብሷን ስትመርጥ፣ ናሙናውን ስታስተኩስ፣ ይህንን አላሰበችውም። የሚያከብሩኝ ከፍ ብዬ ስታይ ነው ብላ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች የሚያከብሩት ዝቅ ያለውን ነው።

«አንድ መላ አለ» አለ ሽቴፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሂጂና ‹ኋላው ሞልቶ ነው፤ በነጻ ወደ ፊት ያመጡን› በያት።»

«በነጻ?»

«ምን አለበት? አፍሽን ይቆርጠዋል?»

«በገዛ ገንዘቤ የተቀመጥኩበትን ለምኜ አገኘሁት ልበል? እናቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው አንገት ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች፤ እኔ አንድ ቀን ቁጭ ብል እንደ ሌባ ልደበቅ? አላደርገውም!»

«እንግዲህ ኩራትሽን ለስድስት ሴት አካፍዪያቸው።»

ብራንካ ክው አለች። ለማንም ያልነገረችውን ሽማግሌው ቆጥሮታል። አውሮፕላኑ ሲነሳ እጇ እንደ ልማዱ መሥራት ጀመረ፤ ንዴት ሲይዛት ስፌት መዳሰስ አመሏ ነው። የራሷን ወንበር ጠርዝ ዳሰሰች፤ ክሩ ሳስቷል። ጎንበስ ብላ የሽቴፍን ነካች፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ እየተደገፈው ቆዳው ተልጧል። ከዚያ የመሃሉን። እጇ ቆመ።

«ጋሽ ሽቴፍ፣ እስቲ ይህን ንካው።»

«ቁርስ እየበላሁ ነው።» እውነቱን ነው፤ ከፊቱ አይብና የተጨሰ ሥጋ ከትኩስ ዳቦ ጋር ቀርቧል። የሷንም ሳህን ወደ ራሱ ጠጋ አድርጎታል።

«ንካው ስልህ!»

ነካው። ማኘኩን አቆመ። «አዲስ ነው።»

«አዲስ አይደለም። እዚህ ሁልጊዜ ባዶ ስለሚተዉት ማንም አይቀመጥበትም። ግራና ቀኙ ሲበጣጠስ እሱ ሙሽራ እንደመሰለ ይቀራል። ከዚያ አንድ እንዲመስል ብለው ሦስቱንም አውልቀው ይጥላሉ።»

«የመሃሉን ከዳሩ ጋር አይለዋውጡትም?»

«አይገባማ! የልብሱ ቅድ ለየብቻ ነው፤ የዳሩ በጎን፣ የመሃሉ በኋላ ነው የሚከፈተው። እኛ ግን ለሦስቱም አንድ ቅድ ብንሰፋስ?»

ሽቴፍ ጣቶቹን በናፕኪን ጠርጎ በዓይኑ ለካ፤ አርባ ዓመት ሙሉ መቀሱ ያልሳተ ሰው ነው። «ይሆናል» አለ። «ከጎኑ ሁለት ጣት ከተጨመረ ይሆናል።»

ብራንካ ቀበቶዋን ፈትታ ተነሳች። መጋረጃውን በራሷ እጅ ገለጠችና አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ዳቦዋን ጣት በምታክል የኪስ ቢላዋ እየቆረጠች ከምትበላው ሴት አጠገብ ቆመች። ጀርመንኛዋ ከሬዲዮና ከስፌት መኪና መመሪያ የተለቀመ ነው፤ ቢሆንም አይንተባተብም።

«ወይዘሮ አምሽቱትስ፣ ፊት የተቀመጥኩት ስላማረኝ ነው። የከፈልኩትም ከራሴ ድርሻ ነው፤ ያቀረብኩልዎት ዋጋ ውስጥ የዚህ ትኬት አንድ ክር የለበትም። ይህንን ቀድሜ ልበልዎ።»

«እኔ አልጠየቅሁም» አለች ሴትዮዋ።

«በዓይንዎ ጠይቀዋል።»

ወይዘሮ አምሽቱትስ ቢላዋዋን አጠፈች። ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ውል አለ። «ሌላ የሚሉኝ አለ?»

«አለ። ተነሥተው አንድ ነገር በእጅዎ ይንኩልኝ። ከኋላ ተቀምጬ ቢሆን እኔም አላየውም ነበር፤ እርስዎም ይኸው እስካሁን አላዩትም።»

ከዚያ የግዢ ኃላፊዋ ዳቦዋን ጠቅልላ ተነሳች፤ መጋረጃውን አልፋ፣ ክራባት ባሰሩት ሰዎች ሁሉ ፊት ተንበርክካ ሦስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሽቴፍ ሁለቱን ሳህን አቅፎ እግሩን ሰበሰበላት።

«ስንት ዓመት ሙሉ» አለች ለራሷ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ደህናውን ስንጥል ኖርን!» ቀና ብላ ብራንካን አየቻት። «ለአዲስ ቅድ የደኅንነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ወራት ይፈጃል።»

«እጠብቃለሁ። እስከዚያው በድሮው ቅድ እሰፋለሁ።»

«ትናንት ያየሁት ሰፊ ዋጋው ከእርስዎ ያንሳል።»

«ያንሳል። ይህንን የወንበሩን ነገር ግን ነገረዎት?»

«አልነገረኝም» አለች ወይዘሮ አምሽቱትስ፣ ጉልበቷን እያራገፈች።

አራት ሰዓት ላይ፣ ዙሪክ ውስጥ ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል፣ ሴትዮዋ ለሦስት ባልደረቦቿ የመሃሉን ወንበር ነገር ራሷ አስረዳች፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነም በስም ተናገረች። ከዚያ ዋጋው እንዲቀነስ ጠየቀች። ብራንካ አልቀንስም አለች። ሽቴፍ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት፤ ደግማ አልቀንስም አለች። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ጥቂት አሽከርክራ፣ በመጀመሪያ ለአራት አውሮፕላን ሥራ ፈረመች። ቀሪው ፈቃዱ ሲመጣ ይታያል ተባለ።

ብራንካ ደረጃው ላይ ሆና ወርክሾፕ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው አንጋፋዋ ሰፊ ስላቪሳ ናት።

«ሰኞ ማንም እንዳይቀር።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«የአራት አውሮፕላን ቆዳ እየመጣ ነው። መርፌዎቹን በወፍራም ቀይሩ።»

ከስልኩ ወዲያ ማዶ ስላቪሳ በጩኸት ለሌሎቹ ስትናገር፣ የስፌት መኪኖቹም ወሬውን ለመስማት አንድ በአንድ ሲቆሙ ተሰማ።