የተነከረው ዩኒፎርም

እናታችን የሞተች በኅዳር ነው። ታናሼ ያምሮት ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች፤ ቡሬ ትማራለች። በሠልስቱ ማግስት ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ከላይ ጥቁር ነጠላ ደርባ ሄደች። ዘበኛው ጋሼ ይርሳው በር ላይ አስቆሟት።

«ነጠላውን አውልቂና ግቢ፣ ልጄ።»

«እናቴን ቀብሬ ነው የመጣሁ።»

«አውቃለሁ፣ ነፍስ ይማር። ትእዛዝ ሆኖብኝ ነው።»

ምክትል ርእሰ መምህሩ ናሁሰናይ ወጡ። ዛሬ ለአንዷ ከፈቀድን ነገ ሁሉም የመሰለውን ለብሶ ይመጣል አሉ።

«የመሰለኝን አይደለም የለበስኩት፤ የደረሰብኝን ነው» አለቻቸው።

ሳምንቱን ሙሉ እየሄደች ተመለሰች። ነጠላውን ብታወልቅ ትገባ ነበር። አላወለቀችም፤ እኔም አውልቂው አላልኳትም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከያምሮት ደብተር ነው። ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። እነሱ ዩኒፎርም ይላሉ፣ ሐዘኑ ጥቁር ይላል። ዩኒፎርሙ ራሱ ጥቁር ቢሆንስ? የራሴን ቀሚስ የነከርኩበት ድስት ገና አልታጠበም ነበር። ከናዚፋ ሱቅ ቀለም ጠየቅሁ።

«ይኸ እኮ አይለቅም፣ እህቴ» አለችኝ።

«እንዲለቅ መች ፈለግሁ?»

ሌሊት ያምሮት ተኝታ ሳለ ዩኒፎርሟን ነከርኩት። ጠዋት አየችው። ሌላ ዩኒፎርም የላትም። «እታለም…» አለችና ተወችው። ለበሰችው።

አብሬያት ሄድኩ። በሩ ላይ ልጆቹ ሳቁ። «ያምሮት፣ ጋዋን ለበስሽ? ከእኛ ቀድመሽ ተመረቅሽ እንዴ?» አላት አንዱ። ናሁሰናይ አልሳቁም።

«ይህ ንቀት ነው። የትምህርት ቤቱን ልብስ ያጠቆረው ማነው?»

አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ» አለች ያምሮት።

አዲስ እስክታሰፋ እንዳትመጣ ተባለች። ጨርቁ የሚታደለው በመስከረም አንዴ ነው፤ አልቋል። ሽማግሌ ላክሁ። ጥፋቷን አምና ትፈርም፣ ከዚያ እናያለን አሏቸው። «ማዘኔ ጥፋት ነው ብዬ አልፈርምም» አለች። የፈተናው ምዝገባ አለፈ።

በመጋቢት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሽንኩርት ልትነቅል ቆጋ መስኖ ለቀን ሥራ ወረደች። ያኔ እንኳ «እኔ ነኝ የነከርኩት» ብዬ ናሁሰናይ ዘንድ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ነበር።

ለሙት ዓመቱ መጣች። እጇ ተሰነጣጥቋል። ጥቁራችንን አውልቀን ነጭ ለበስን። ሰው ሲበተን «ዩኒፎርሙስ?» አለችኝ። አወጣሁላት። በአመድ ውኃ እየዘፈዘፍሁ ስንቴ እንዳጠብሁት አልነገርኳትም። እጅጌውን ገልብጣ ስፌቱን አየችው። በስፌቱ ውስጥ እንኳ የቀረ ሰማያዊ የለም።

«ዳጉሳው ላይ ስቀይው» አለች፤ «ለወፍ ማስፈራሪያ ይሆናል።» ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ቆጋ ተመለሰች። ወፍ ዳጉሳውን እየጨረሰው ነው። አልሰቀልኩትም።