ስምንት ቋጠሮ

ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚለው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ አንዲት ሴራሚክ በአንድ ሚሊሜትር ብትዛነፍበት ነቅሎ እንደገና የሚለጥፍ፣ አሠሪው «ኧረ ተወው፣ ማን ያየዋል?» ሲለው «እኔ አየዋለሁ» ብሎ የሚያኮርፍ ደረቅ ሰው። እሱን ይዞ ቤት ማሠራት ጨጓራ ይልጣል። ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ውሃ ውስጥ ልትዘል ስትል ግን ከእሱ የተሻለ ጓደኛ የለህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሊ፣ የእህቱ ባል ዳቦ ጋጋሪውና ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛቸው ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው እሁድ ወንዙን ተከትለው ሁለት ሰዓት ተኩል በእግራቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ወንዙ ከፏፏቴ ወርዶ ሦስት ኩሬዎች ይሠራል፤ ከመጨረሻው ኩሬ በላይ ደግሞ የሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል ድንጋይ አለ። የሚዘሉት ከዚያ ነው። ለምን ትዘላላችሁ ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ፤ የረባ መልስ አልሰጡኝም። ጋጋሪውስ ይሁን፣ ዓመቱን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሞ ሲጠበስ የሚኖር ሰው አንድ ቀን ሰውነቴ ይቀዝቅዝ ቢል አይፈረድበትም።

ጎርፍ ግን ድንጋይ ያንከባልላል። አምና ጥልቅ የነበረው ቦታ ዘንድሮም ጥልቅ ነው ብሎ የሚምልልህ የለም። ስለዚህ ሚሊ ገመድ አበጀ። ጫፉ ላይ ቱምቢ፣ ያ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት ብረት፣ ታስሮበታል፤ ገመዱ በየክንዱ ተቋጥሯል። ሚሊ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ወደ ኩሬው ከገባችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይንበረከክና ብረቱን ይለቀዋል፤ ቋጠሮዎቹ በጣቶቹ መሀል ሲያልፉ አንድ በአንድ ይቆጥራል። መሀሉን፣ ግራውን፣ ቀኙን። ስምንት ከሞላ ይዘለላል፤ ካልሞላ ዳቦ በልቶ ወደ ቤት ነው። ሚሊ አንዴ ቁጥር ከጠራ ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

ዘንድሮ ግን ሚሊ ሚሊ አልነበረም። እናቱ ካረፉ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሣጥኑን የመረጠው፣ መኪናውን የተከራየው፣ ወንበሩን ያስመጣው፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደው እሱ ነው። እህቱ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ እሱ ውሃ ያቀብላት ነበር። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጎበዝ ነው» አለ። እኔም ብያለሁ፣ ምላሴን ይቁረጠውና። ኋላ ሳስበው ጉብዝና አልነበረም፤ ሰውዬው ውስጡ ድንዝዝ ብሎ ነበር። «እንዴት ነህ?» ሲሉት አፉ በራሱ ጊዜ «ደህና ነኝ» ይላል። «ያጽናህ» ሲሉት አፉ «አሜን» ይላል። እሱ ራሱ እዚያ የለም። ምሳውን በልቶ እጁን እየታጠበ ምን በላህ ብትለው አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሴትዮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ረድፍ አዛንፎ ለጠፈ። ሴትዮዋ በጣቷ ስታሳየው «እውነትሽን ነው» አላት እንጂ አልደነገጠም። ያንን የሰማሁ ቀን እኔ ደነገጥኩለት።

«ይዛችሁት ሂዱ፣ ትንሽ አየር ያግኝ» ያለችው እህቱ ናት። ራሷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐዘኑም ሆዱም በአንድ ላይ መጥተውባታል፤ ግን እሷ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። የምትፈራው ለእሱ ነው።

መንገድ ላይ ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ ወሬውን አዘነበው። ስለ ደንበኞቹ፣ ራሰ በራ ሆኖ በየሳምንቱ ፀጉሬን ከርክምልኝ ስለሚለው ሰውዬ። ከዚያ ወደ ጋጋሪው ዞረ። «አንተ ደግሞ ሆድህ ከሚስትህ ቀድሞ ገፍቷል። ዛሬ ስትዘል ውሃው ተደፍቶ ያልቅና ባዶ ኩሬ ታስቀርልናለህ።» ጋጋሪው ሳቀ። ሚሊም ሌላው ሲስቅ ጠብቆ ሳቀ። ጋጋሪው ይህን አየ።

ኩሬው ጋ ሲደርሱ ውሃው ገና ድፍርስ ነበር፤ እጅህን እስከ ክርንህ ብትነክር ጣትህ አይታይም። ሚሊ ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ተንበረከከና ገመዱን ለቀቀ። ብረቱ ወረደ፣ ቆመ። ገመዱን ሳበው። ግራና ቀኙን አልለካም። አፉም፣ «እንዴት ነህ» ሲሉት እንደሚመልሰው አድርጎ፣ «ስምንት» አለ።

ጋጋሪው ስምንት መባሉን ሲሰማ ሸሚዙን ወርውሮ ወደ ላይ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ያዘ። ፀጉር አስተካካዩ ከወዲያ ማዶ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ይገምጣል። ሚሊ ገመዱን በክርኑ ላይ ይጠቀልል ጀመር። አንድ ቋጠሮ፣ ርጥብ። ሁለት፣ ርጥብ። ሦስት፣ ርጥብ። አራተኛው ቋጠሮ ደረቅ ነው። አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም።

ቆም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ክው ይል ነበር። ሚሊ ደረቁን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከውሃው ሥር ድንጋይ አለ ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ሦስት ክንድ ማለት ነው። የሌላ ሰው ሥራ ላይ ስህተት ያገኘ ነው የሚመስለው። ጋጋሪው ሲዘል መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ እንዴት እንደሚሆን በተራ ታየው፤ የእህቱ ሆድም ታየው። ሁሉም ታየውና አንዱም አልተሰማው። ፍርሃት እንኳ ቢመጣለት በወደደ።

ቀና ብሎ «አቁም!» ብሎ ጮኸ። ፏፏቴው ዋጠው። እንደገና ጮኸ፣ እጁን አወዛወዘ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ የሚያበረታታ መስሎት አብሮት አጨበጨበ፤ እንዲህ ያለ ሰው አያሳጣ። ላይ ያለው ጋጋሪ ጭብጨባውን አይቶ እጁን አነሳና፣ ተንደርድሮ ለመምጣት ወደ ኋላ ሸሸ። ከአፋፉ ጠፋ።

ሚሊ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ ቀዘፈ፤ ጉልበቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። በእጁ ዳሰሰው፣ ወጣበት፣ ቆመበት። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም እግሩ መሬት ነክቶለት የማያውቅበት ቦታ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ውሃው ደረቱ ድረስ ብቻ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ጋጋሪው ካላየው ሁለቱም ያልቃሉ፤ ያንንም አውቆታል። አልተንቀሳቀሰም።

ጋጋሪው እየሮጠ መጣ። አፋፉ ጋ ሲደርስ ከታች የሰው ደረት አየና መቆም ስላልቻለ በቂጡ ወደቀ። እግሮቹ ከአፋፉ ወደ ውጭ ተንጠለጠሉ። ከሥሩ የተንከባለለ ጠጠርና አፈር ሚሊ ፊት ላይ ረገፈ።

ፀጉር አስተካካዩ ዳቦውን ጥሎ ዞሮ መጣ፤ ገመዱን አነሳ፤ ርጥቡን ቆጠረ። ሦስት።

ጋጋሪው በጠባቡ መንገድ ወረደ። ሚሊ ከውሃው ወጥቶ ቆሞ ጠበቀው።

«ሳትቆጥር ነው ስምንት ያልከው?» አለ ጋጋሪው።

«ሳልቆጥር ነው።»

«ለምን?»

«አላውቅም። አፌ ነው ያለው።»

ጋጋሪው ሊመታው እጁን አነሳ፤ ከዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በገዛ ፊቱ ላይ አሳረፈው። «ሚስቴ ሰባት ወሯ ነው» አለ፣ ሚሊ የማያውቅ ይመስል። «ልጄን ማን ሊያሳድግልኝ ነበር? አንተ?» ገመዱን ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ወስዶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ሁለተኛ ይህን ገመድ አትነካም።»

«እሺ» አለ ሚሊ። በሕይወቱ ከሥራ ሲባረር የመጀመሪያው ነው።

ሲመለሱ፣ ሰፈራቸው ሲቃረቡ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ለእሷ እንዳትነግሯት፣ ባለችበት ሁኔታ ደግ አይደለም» አለ።

የጋጋሪውን ቤት በር የከፈተችው የሚሊ እህት ናት፤ እጇ የወለል መወልወያ ይዟል። ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፣ የወንድሟን ርጥብ ልብስና አፈር የለበሰ ግንባር አየች።

«ደህና ዋላችሁ?»

«ደህና ዋልን» አለ ፀጉር አስተካካዩ ፈጠን ብሎ።

«ደህና» አለ ባሏ።

«አንተስ?»

የሚሊ አፍ መልሱን ይዞ ተዘጋጅቶ ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶለት ነበር። ሚሊ ጥርሱን ገጥሞ ያዘው። ፀጉር አስተካካዩ ክንዱን ጎሸም አደረገው።

«እኔ ደህና አይደለሁም» አለ።

እህቱ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእማዬ ወዲህ።» ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር፣ «ዛሬ ባልሽን ልገድልብሽ ነበር» አለ።

ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች፣ ልቡ መምታቱን እስክታረጋግጥ ድረስ አላነሳችውም። ከዚያ የወንድሟን እጅ ያዘች። ማልቀስ ጀምራለች። እሱ አላለቀሰም፤ እጁን ግን አልነጠቃትም።

«ግባ» አለችው፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ዛሬ እዚህ ነህ። ነገም። ጫማህን ግን አውልቅ፣ አሁን ነው የወለወልኩት።»