ለኢርማ የሚነገር ፊልም

ከቨርና ሁዳክ ጋር በአንድ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ያንግስታውን ከተማ ውስጥ፣ የብረት ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላ ማለት ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንገባለን። ለአራት መቶ ልጅ ምሳ አብስለን፣ ትሪውን አጥበን፣ ወለሉን ወልውለን ስንወጣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ቨርና ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እግሯም ማበጥ ጀምሮ ነበር።

ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ታላቅ እህቷን ኢርማን የስኳር በሽታ ዓይኗን ካሳጣት ሦስት ዓመት አልፏል። የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የኢርማ ባል ሞቷል፣ ቨርና ከነጭራሹ አላገባችም። ኢርማ በወጣትነቷ መሃል ከተማ ሲኒማ ቤት ቲኬት ትቆርጥ ስለነበር የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነፍሷ ነው። ቨርና ከቤተ መጻሕፍት ቪዲዮ ካሴት እየተዋሰች ታመጣለች፤ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና ቨርና የምታየውን ሁሉ ትነግራታለች። አሁን ደረጃውን ወጣች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷታል፣ እያለች፤ በየቀኑ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ።

«መጀመሪያ መጀመሪያማ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ አንድ ጠዋት ድንች እየላጥን። «አሁን ግን አፌ ራሱ ደከመ። ቀኑን ሙሉ ‹አትጋፋ፣ ትሪህን ያዝ› ስል እውላለሁ፤ ቤት ገብቼ ደግሞ የሰው ባርኔጣ እቆጥራለሁ።»

«ደክሞኛል በያታ።»

«ዓይን የላትም እኮ፣ አንቺ ደግሞ! በምን አፌ ነው የምላት?»

ስለዚህ ማሳጠር ጀመረች። ሰዎቹ አዳራሽ ሙሉ ሆነው ሲደንሱ «እየደነሱ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

«ሴትየዋ ምን ለብሳለች?» ትላለች ኢርማ።

«ልብስ።»

«አይ ቨርና! ራቁቷን እንዳልሆነችማ እኔም ገምቻለሁ።»

በየካቲት ወር አንድ ረቡዕ የትሪ ማጠቢያው ማሽን ተበላሸብንና አራት መቶውን ትሪ በእጃችን አጠብን። የዚያን ቀን ስንወጣ ጣቶቻችን አይታጠፉም ነበር። ቨርና በረዶውን እየጣሰች ቤቷ ደረሰች፤ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ካሴቱን ከታ ሶፋው ላይ ወደቀች። ፊልሙ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለተመለሰ ሐኪም ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደምንም ተናገረች፤ ከዚያ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። የሚገርመው፣ አፏ አልቆመም።

«እየተሳሳሙ ነው» አለች በእንቅልፍ ልቧ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ፈረስ ይጋልባል፣ ጥይት ይተኮሳል።

«ማንን ነው የሚስመው? ፈረሱን?» ብላ ኢርማ በሳቅ ፈነዳች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ቨርና ብንን አለች፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሳቂ! አንቺ ምን አለብሽ፣ ተቀምጠሽ ነው የምትውይው።»

የኢርማ ሳቅ ቆመ። «ምን ላድርግ ታዲያ? መጥቼ ትሪ ልጠብልሽ?»

«ደክሞኛል ኢርማ። ፊልም ሰልችቶኛል። ባርኔጣው ሰልችቶኛል። ያ ደረጃ እየወጡ መውረድ ሰልችቶኛል።»

ኢርማ እንባዋን ጠረገች። ሐኪሙ ከአንዱ ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል።

«እኔንም ሰልችቶኛል» አለች ኢርማ።

«ምኑ?»

«ፊልሙ። ከሰለቸኝ ዓመት አልፎታል። እኔ እኮ የምወደው ፊታቸውን ነበር። ፊታቸውን ካላየሁ ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ምነው በር ስከፍት ‹ዛሬ ምን አመጣሽ› እያልሽ የምትነዘንዢኝ?»

«ምን ላድርግ፣ ስትገቢ አታወሪማ! እኔ ከጠዋት ጀምሮ የሰው ቃል ሳልሰማ እውላለሁ፤ አንቺ ትገቢና እንደ ሬሳ ትጋደሚያለሽ። ፊልም ሲከፈት ትናገሪያለሽ። ለዚያ ነው።»

ቨርና ልምታት ወይስ ልቀፋት ብላ ግራ ገባት። ሁለቱንም አላደረገችም። ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ የትናንቱን በቅቤ የተጠበሰ ጎመንና ፓስታ አሞቀች፤ በሉ።

በማግሥቱ ሁሉንም ስትነግረኝ የድስቱን ክዳን እያላተመች ነው። «አንድ ዓመት! እሷ ለእኔ ብላ፣ እኔ ለእሷ ብዬ፣ ሁለታችንም የማንፈልገውን ስንጎትት!»

ዓርብ ዕለት ፊልሙን ልትመልስ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እንደ ልማዷ ሌላ ፊልም ልታወጣላት ስትል «ፊልም ይቅርብን፤ የሚታይ ነገር የሌለው ምን አላችሁ?» አለቻት። ሴትየዋ የግድያ ታሪክ የሚተርክ የድሮ የሬዲዮ ድራማ የተቀዳባቸው አራት ካሴቶች ሰጠቻት። ቨርና የወሰደቻቸው ኢርማን ለማስደሰት አልነበረም፤ ጋደም ለማለት ነው። ይህን ራሷ ነች የነገረችኝ።

«ሞግዚት ቀጠርሽልኝ ማለት ነው?» አለች ኢርማ አኩርፋ።

«አዎ። አሁን ዝም ብለሽ ስሚ።»

ካሴቱ ተንሿሿ። ነፋስ ነፈሰ፣ በር ሲጢጥ አለ፣ የሴት ተረከዝ ደረጃ ሲወጣ ተሰማ። ቨርና ሶፋው ላይ ተዘርግታ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ቤቱ ምን ይመስላል?» አለች ኢርማ፣ ከልማድ።

«እኔ በምን አውቃለሁ? አንቺ የምትሰሚውን ነው የምሰማው።»

ኢርማ ትንሽ አሰበች። «ቢጫ ነው። በረንዳ ያለው የእንጨት ቤት።»

«ኧረ ሂጂ! ደረጃው እኮ ድንጋይ ነው፤ ሲያስተጋባ አልሰማሽም? እስር ቤት የመሰለ የድንጋይ ቤት ነው።»

«ሀብታም ሴት እስር ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለች?»

«ሀብታም መሆኗን ማን ነገረሽ?»

«አረማመዷ!»

ሲከራከሩ ገዳዩ ማን እንደሆነ አመለጣቸው፤ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱት። ደግመውም ተከራከሩ።

ከዚያ ወዲህ ቨርና ፊልም ተናግራ አታውቅም። ድካሟ ግን የትም አልሄደም። አንዳንድ ቀን የመክፈቻው ሙዚቃ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ያኔ ኢርማ እጇን ዘርግታ ድምፁን ትቀንሰዋለች። ስትነቃ ያመለጣትን ትነግራታለች፤ ከራሷም ትጨምርበታለች ብላ ቨርና ትጠረጥራለች።

በሚያዝያ እኔም አንድ ቀን ከሥራ በኋላ አብሬያት ሄድኩ። ቡና ቀዱልኝ። በካሴቱ ላይ ባቡር እየሄደ ነበር።

«አንቺ ፍረጂን» አለችኝ ኢርማ። «ሰውየው ጢም አለው የለውም?»

«ስለ ጢም ማሰብ አልችልም፣ ደክሞኛል» አልኳት።

«ጎበዝ!» አለች ቨርና ዓይኗን ሳትገልጥ። «ተቀመጪ በይ።»

ተቀመጥኩ። ባቡሩ ተቋረጠና የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ውጭ የእኔ አውቶቡስ ሲያልፍ በመስኮቱ አየሁት፤ የሚቀጥለው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ለመነሣት አልሞከርኩም።