ሦስተኛው ደብዳቤ

የሰው ፊት እሳት ነው ያሉት እውነታቸውን ነው! የቤሌ ከተማዋ የባዮሎጂ መምህርት ሰገነት ለአንዲት የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ብላ ሶዶ ወደተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ስትመላለስ ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ለውጭ አገር የማስተርስ ትምህርት ሦስት የሚያውቋት ሰዎች እንዲጽፉላት ተጠይቃለች። ሁለቱ ጽፈዋል። ሦስተኛው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ አለቀላት፤ ለከርሞ እንዳትል ዕድሜዋ አይፈቅድም።

ለሦስተኛው የመረጠችው ዶክተር ደገፉን ነው። ካስተማሯቸው መቶ ሃያ ተማሪዎች አንዷ ነበረች እንጂ ሌላ ትውውቅ የላቸውም፤ ግን "ትልቅ ስም ያስገባል" ያላላት ሰው የለም። እሳቸው ሦስቴ "ነገ ነይ" ብለው መለሷት። ዛሬ ደግሞ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ፣ "ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ" አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ራስን ማመስገን እንዴት ያለ ጣጣ ነው! "ትጉህ" ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። "ብሩህ" ብላ ጻፈች፤ አፈረች። ደክሟት፣ ታክቷት፣ በመጨረሻ ንዴቷ ገነፈለና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ይህችን ሴት አላውቃትም። አራት ቀን ደጅ ስትጠናኝ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።" ያንብቡና ያባርሩኝ ብላ አሳትማ ገባች።

ዶክተሩ ፈረሙ። ማኅተምም አደረጉበት።

"መልካም ዕድል። ማን ነበር ስምሽ?"

ወይ ጉድ! ደጅ ወጥታ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ላብራቶሪው ወረደች። የላብራቶሪው ቴክኒሻን ጋሽ ጦና እንደ ድሮው ቢከርና ሌላ የመስታወት ዕቃ ያጥባሉ።

"ጋሽ ጦና፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።"

"እኔ? በዲፕሎማዬ? ማን ይሰማኛል ልጄ?"

"የሚያውቀኝ ሰው ነው የጠየቁት። አራት ዓመት ሙሉ ያዩኝ እርስዎ ነዎት።"

እጃቸውን በጋውናቸው ጠርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ሲጽፉ ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆነ። ሰገነት ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከመላካቸው በፊት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አየች፦

"በአራት ዓመት አንድ ቢከር ሰበረች፤ እኔ ሳላይ ራሷ መጥታ ነገረችኝ።"

ሰገነት ያንን ቢከር ረስታው ነበር።