ሟች የሚለው ቃል

"ልጄን ሟች አልከው?"

ዘውድነሽ ይህን ያለችው ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ባለጉዳይ ፊት ነው። ባሏ ጌታሰው በጃንጥላው ጥላ ሥር ከጽሕፈት መኪናው ቀና አላለም። ሥራው ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ራቢዓ የምትባል የቀወት ገበሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የድንበር አቤቱታዋን እያስጻፈች ነበር።

"ሰው ፊት ነን" አለ።

"ሰው ይስማ። አንቺም ስሚ እናቴ፤ ይህ ሰውዬ የገዛ ልጁን ሟች ብሎ ጻፈ።"

"የሞተ ሰው ወረቀት ላይ ሌላ ስም የለውም።"

"ስሙ ተመስገን ነው።"

ራቢዓ ሻርፗን ሰበሰበች። "አላህ ይዘንለት" አለች። "እኔ ነገ ልምጣ፣ ጋሼ?"

"ቁጭ በይ።"

ታናሺቱ ልጃቸው እሌኒ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚሰጥ የድርሰት ትምህርት ተወዳድራ ገብታለች። የቤት ሥራዋን በወረቀት ትጽፍና የሰይፉ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ተይባ ትልካለች። ሰሞኑን የጻፈችው አምና በደሴ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ስለገጨው ወንድሟ ነበር። የልጁን ሬሳ ከአስፋልት ያነሳው ጌታሰው ነው።

ጌታሰው "ፊደሏን ላርም" ብሎ ወረቀቱን ወሰደ። "ወንድሜ" ያለችውን ሁሉ "ሟች" አደረገው። ተመስገን ገበታ ላይ በአባቱ አነጋገር እየቀለደ "ወጥ እንዲጨመርልኝ ስል በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ" ይል እንደነበር ጽፋ ነበር፤ ለጉዳዩ አግባብ የለውም ብሎ ሰረዘው። መጨረሻውን "ከዚህ በላይ በተገለጸው አኳኋን ሕይወቱ አልፏል" ብሎ ዘጋው። ራሱ ወስዶ አስተይቦ ላከው።

የአስተማሪዋ መልስ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። "እሌኒ፣ ይህን ያንቺ ብዬ አልቀበልም። ወንድሟን ሟች የምትል እህት አላውቅም። የራስሽን እስከ ዛሬ ማታ ካልላክሽ ቦታሽን ለተጠባባቂ እሰጣለሁ።" ልጅቱ ለእናቷ አነበበችላት። ዘውድነሽ ወጥ የምትሠራበት ሆቴል ድስቱን ለጓደኛዋ ትታ መጣች።

"ረዳኋት እንጂ ምን አደረግኳት?" አለ ጌታሰው። "እኔ የጻፍኩትን ዳኛ ያነበዋል። ልጅ የጻፈችውን ማን ያነባል?"

"ማን እርዳኝ አለህ?"

"ታዲያ አባት ለምኑ ነው? ቆሞ ሊያይ?"

"ቆመህ ማየት እንኳ በቻልክ። የልጅቷን ወረቀት አምጣ።"

"ቀድጄዋለሁ።"

"እንግዲህ ከልቧ ትጽፈዋለች። ሰይፉ ቤት ናት። እንዳትሄድባት" አለች ዘውድነሽ። ዞራ ሄደች።

ጌታሰው የራቢዓን አቤቱታ ጨርሶ አነበበላት። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"ጋሼ፣ የኔን ነገር ባፌ እንደነገርኩዎት ነው የጻፉት?" ብላ ጠየቀች።

ከዚህ በፊት ይህን የጠየቀው ባለጉዳይ አልነበረም። የጽሕፈት መኪናውን ከደነና ወደ ዋናው መንገድ ወረደ።

ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ሰይፉ በሩ ላይ በካርቶን እያራገበ ተቀምጧል።

"ዛሬ ጠበቃ አልፈልግም ብላለች፣ ጋሼ" አለው።

"አንተ መብራቱ እንዳይጠፋ ጠብቅ።"

እሌኒ ጥግ ላይ ነበረች። አልዞረችም።

"አባዬ፣ ከኋላዬ አትቁም።"

"አላነብም።"

"ትተነፍሳለህ።"

ወደ ኋላ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ ጥቂት ፊደል መታች፤ አቆመች፤ የመታችውን አጠፋች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። ፊቷ እንደ እናቷ ተቋጥሯል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የጠየቅኩህን ብቻ መልስ። ማሳመር የለም።"

"እንደ ምስክር?"

"እንደ ምስክር። የተመስገን እጅ ላይ ፌስታል ነበር አሉ። ምን ነበረበት?"

ጌታሰው ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም የጻፈው "አንድ ፌስታል" ብሎ ነው። አላውቅም ማለት ይችላል። እንዲያ ካለ የሚያስተባብለው ሰው የለም።

"ጫማ" አለ። "ያ የጠፋባት የእናትሽ ጥቁር ጫማ። ሳይነግራት ሊስትሮ ጋ አሰፍቶላት ሲመለስ ነው።"

የእሌኒ ድምፅ አልለሰለሰም።

"እሷ ዓመት ሙሉ ጫማዬን ሌባ ወሰደው ስትል ትሰማታለህ።"

"እሰማታለሁ። በኔ ጫማ ሞተ እንዳትል ፈራሁ።"

"ልጻፈው?"

ይህን ጥያቄ ሰዎች በየቀኑ ይጠይቁታል። ይህ ይግባ፣ ይህ ይውጣ እያለ ነው የኖረው።

"ለምስክር እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብም" አለ።

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታው መጻፍ ጀመረች። ጌታሰው የፊደሎቹን ምት ጥቂት አዳመጠና ተነስቶ ወጣ። በግራ በኩል ፍርድ ቤቱ ነው፤ ባለጉዳዮች ይጠብቁታል። ዘውድነሽ ነገሩን ከልጅቷ ጽሑፍ ከመስማቷ በፊት ልትሰማው የሚገባት ከእሱ አፍ ነው። ዓመት ሙሉ ለምን ደበቅከኝ እንደምትለው ያውቃል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ሆቴሉ ታጠፈ።