አየር ያልነካው ጭቃ

ፈዲላ አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ይዛ የዓሣ ቤቷን ማቀዝቀዣ በር በረገደችው። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ግማት ቤቱን ሞላው።

"ያ አላህ! ምን ገብቶ ሞተብኝ?"

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሾፌሩ አቶ ኃይለ መስቀል ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። "ፈዲላ፣ ዓሣሽ የሞተ መሰለኝ።"

"ታዲያ በሕይወቱ ልጥበስልዎ?"

ተመጋቢው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቢላዋዋን በሎሚ፣ ጠረጴዛዋን በፈላ ውሃ የምታሽ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ስትፈትሽ ከዓሦቹ ጀርባ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ ጠርሙስ አገኘች። ውስጡ ጥቁር፣ ልጋጋም ጭቃ። ልጇ ሀኒያ ትናንት ከአጎቷ ከሀሚዱ ጋር ሐይቁ ላይ የዋለችው ለዚህ ኖሯል! ነጃሳ ከምግብ ጋር! ፕላስተሩን ቀድዳ፣ ጭቃውን ጓሮ ደፍታ፣ ጠርሙሱን በበረኪና ስታጥብ ሀኒያ ደረሰች።

"እማ! ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሽ ትለኛለች ደግሞ! ሰው ልታስጨርሺብኝ ነው?"

ሀኒያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። "አየር እንዳይነካው ብዬ ነበር ያሸግሁት። ምድር ገና ልጅ ሳለች አየሩ እንደዛሬው አልነበረም። ውሃው፣ ጋዙ፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት፣ መብረቁም ተገናኝተው የሥጋችንን መሥሪያ አበጁ ይባላል። በሌሎች ፕላኔቶችም ሆኖ ይሆናል። ያንን ነበር የምሞክረው። ነገ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ካላደረስኩ የላቦራቶሪ ተራዬን ለሌላ ይሰጡታል፤ ዓመቴ በከንቱ ቀረ።"

"ሥጋዬ ከዚህ ግማት? አስተግፊሩላህ! አባታችን አደም ከጭቃ ነው፤ ጭቃው ግን እንዲህ አይገማም ነበር።"

"አሽትተሽዋል እንዴ?" አሉ አቶ ኃይለ መስቀል።

"እርስዎ ዝም ብለው ይብሉ!"

ሀኒያ ግን እንባዋ መጣ። ሀሚዱ ውጫሌ ገበያ ሄዷል፤ የሚመለሰው ነገ ነው። ጀልባው አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ግን ጀልባውንም ይዞ ጭቃውንም ማውጣት አይችልም።

ፈዲላ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣ ከዳር ስትገዛ እግሯን ውሃው አስነክታ አታውቅም። ያ ጭቃ በጣቶቿ መካከል ሲሾልክ ገና ስታስበው ያቅለሸልሻታል። ልጇን አየቻት። ምድጃውን አጠፋችና ሽርጧን ፈታች።

"አብሽሪ፣ ተነሺ። እኔ አለሁ አይደል?"

ዳር ደርሳ ጫማዋን አውልቃ ስትረግጥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። "ኤጭ! ኤጭ!" እያለች ጀልባው ላይ ወጣች። መሀል ላይ ሀኒያ ረጅሙን ቱቦ እስከ ሐይቁ ወለል ሰደደችው፤ ጭቃ ሞልቶ ሲወጣም ጫፉን ወደ እናቷ አዞረች።

"እማ፣ ከሥሩ ያዢልኝ። አጥብቀሽ!"

ጭቃው በፈዲላ መዳፍና ክንድ ላይ ሙልጭልጭ እያለ ወረደ። አንገቷን ወደ ውሃው አዙራ አስመለሰች፤ እጇን ግን አለቀቀችም። ሀኒያ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልታ ቶሎ ደፈነችው።

"በቃ እማ፣ ጨረስን። እንመለስ።"

ፈዲላ አፏን በትከሻዋ ጠረገች።

"የምን መመለስ! ሁለተኛ ጠርሙስ አልያዝሽም? ሙዪው። አንዱን እንደኔ የሚደፋብሽ ሰው መቼም አይጠፋም።"